የደበበ መቆንጠጫ

ኩባያው ከደበበ እጅ ያመለጠው ካሳነሽ ለሥራ ወጥታ ብዙም ሳትርቅ ነው። የቆርቆሮ ኩባያ ነውና እየተንኳኳ ተንከባሎ ከአልጋው ሥር ገባና ዝም አለ። ደበበ በምርኩዙ ተደግፎ ቆሞ ወደ ታች አየው። ጆሮው ብቻ ብቅ ብሏል። ጤነኛ ሰው ወሬውን ሳያቋርጥ ጎንበስ ብሎ የሚያነሣው ነገር ነው። ለእሱ ግን ከዲላ እስከ ፍስሐ ገነት በእግርህ ሂድ ቢባል ይቀለው ነበር።

ቢሆንም ሞከረ። አልጋውን በግራ እጁ ጨብጦ ወገቡን ሊያጥፍ ሲል ዳሌው እንደ በር መቀርቀሪያ ግትር አለበት። በምርኩዙ ጫፍ ሊስበው ቢል ጭራሽ ወደ ግድግዳው ገፋው። እንስራው እዚያው ማዕዘን ላይ ሙሉውን ተቀምጧል። ካሳነሽ ጎህ ሳይቀድ ነው ቀድታ የሞላችው። ግን እንስራ አንሥቶ በአፉ መጠጣት ጤነኛም አይሞክረውም። ደበበ አልጋው ጫፍ ላይ ጋደል ብሎ፣ የማይታጠፈውን እግሩን ዘርግቶ፣ የቤቱን ውሃ እያየ ሲጠማ ዋለ።

ካሳነሽ ማታ ስትመጣ ፀጉሯ ላይ የቡና ገለፈት ተበትኖበታል። ነጠላዋን ሳታወልቅ፣

«ካሳነሽ፣ ውሃ» አላት።

ቤቱን ዞር ብላ አየች። እንስራውን አየች፤ ባዶውን ረከቦት አየች፤ ከዚያ ወደ አልጋው ሥር።

«ከጠዋት ጀምሮ ነው?»

«አንቺ እንደ ወጣሽ።»

ካሳነሽ ወገቧን በእጇ ደግፋ በጉልበቷ ወረደች። ኩባያውን አወጣች፤ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፤ ቀድታ ሰጠችው። እሱ ሲጠጣ እሷ አልተነሣችም። እዚያው መሬት ላይ፣ ጀርባዋን ለአልጋው እግር ሰጥታ፣ ዓይኗን ጨፈነች። ደበበ ጠጥቶ ሲጨርስ ኩባያውን የሚያስቀምጥበት አጣ። ሊቀሰቅሳትም አልደፈረም፤ እንደ ያዘው ቆየ።

ደበበ ድሮ እንዲህ አልነበረም። አባቱ ከመንዝ ከጦር ጋር መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። ርስት የሚባል ነገር ሳያወርሱት ሞቱና እሱ ጉልበቱን ይዞ ከቡና መጋዘን ገባ። ጆንያ ደርዳሪ ሆነ። ከጆንያ በላይ ጆንያ፣ እስከ ጣሪያው ወራጅ ድረስ፣ ሳይዛባ የሚደረድር ሰው ነበር። ትሬንታ ኳትሮ የተባለው የጭነት መኪና ቡናውን ይዞ ግቢ ሲገባ ነጂዎቹ «ደበበ አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር። አንድ ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ፣ ከገደብ የመጣ ቡና ሲራገፍ፣ ሥሩ ውሃ ገብቶበት የነበረ ድርድር ተንሸራተተና እሱ ላይ ወረደ። የሚሲዮን ሆስፒታሉ ሐኪሞች አጥንቱን አስረው፣ ክብደት አንጠልጥለው፣ የሚቻላቸውን አደረጉለት። ነፍሱ ተረፈች። ዳሌው ግን ደርቆ ቀረ። መቆም ይችላል፤ በምርኩዝ ጥቂት መራመድ ይችላል፤ ጎንበስ ማለት፣ ቁጢጥ ማለት፣ ቆጥ ላይ ተንጠራርቶ ማውረድ አይችልም። መሬት ላይ የወደቀ ነገርና ከራሱ በላይ ያለ ነገር ከእሱ ዓለም ወጣ።

ፍስሐ ገነት የተዳረችው አንዲት ልጃቸው ያን ሰሞን መጥታ አስታመመችና ወደ ልጆቿ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ የቀረችው ካሳነሽ ናት። እሷም ቡና ለቀማ ገባች። ለቀማ ማለት ዛፍ ላይ ያለውን አይደለም፤ መጋዘኑ በረንዳ ላይ ከሴቶች ጋር ተደርድሮ፣ የተፈለፈለውን ቡና መሬት ላይ አፍስሶ፣ ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ እየነጠሉ መዋል ነው። ወገብ ይጎብጣል፤ ዓይን ይደርቃል። ያንን ውላ ስትመጣ ቤቷ ውስጥ ስሟ ይጠብቃታል።

«ካሳነሽ፣ ጋቢውን።» «ካሳነሽ፣ ምርኩዜ ወደቀ።» «ካሳነሽ፣ ክብሪቱ የት ነው?» «ካሳነሽ፣ ይቺን ዝንብ።»

ደበበ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ቀን ሙሉ ያጠራቀመውን ችግር ማታ ያራግፈዋል፤ ሌላ ማን አለው? እሷም ክፉ መልስ መልሳለት አታውቅም። «አቤት» ትልና ትነሣለች። አንዳንድ ቀን ግን እሱ ሳይጠራት ከእንቅልፏ ብድግ ብላ «አቤት» ስትል ይሰማታል። ያን ጊዜ አልጠራሁሽም ማለት እንኳ ያሳፍረውና የተኛ ይመስላል።

ኩባያው ከወደቀበት ቀን ወዲህ ካሳነሽ ጠዋት ስትወጣ የሚያስፈልገውን ሁሉ አልጋው ዙሪያ በበርጩማና በሳጥን ላይ ትደረድርለት ጀመር። ውሃውን፣ ቆሎውን፣ ክብሪቱን፣ የሽንት ጣሳውን። ከተደረደረው አንዱ ከወደቀ ግን ቀኑ ከእሱ ጋር ይወድቃል።

የደበበ ታላቅ እህት እትዬ አሰፋች ቤቷ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ነው። ባሏ የሞተባት፣ ሰው የሚያከብራት፣ ለወንድሟ የምትሳሳ፣ ምላሷ ግን የማይቻል ሴት ናት። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ መጥታ ያንን በሳጥን የታጠረ አልጋ አየችና ከንፈሯን መጠጠች።

«ወንድሜን እንደ ታሰረ በግ ሣር አቅርበሽለት ነው የምትውዪው?»

«ምን ላድርግ እትዬ» አለች ካሳነሽ። «ሁለታችንም ከተቀመጥን ማን ያበላናል?»

«እኔ ቤት ልውሰደው ብዬሻለሁ እኮ። እኔ እይዘዋለሁ። ሰው ምን ይላል? የአገሬውን ልጅ አግብቶ ሲታመም ጥላው ትውላለች ይላል!»

ካሳነሽ የዚሁ አገር፣ የቡሌ ልጅ ናት። ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንደ ሰማችው እሷ ታውቃለች። ዓይኗን ወደ ምድጃው መለሰች። ደበበ «ተይ እትዬ» አለ። ከዚያ በላይ የሚናገርበት ጉልበት ያን ቀን አልነበረውም። በልቡ ግን እትዬ ቤት ስለ መሄድ አሰበ። ካሳነሽ አንድ ቀን ሳትጠራ ብታድር ምን ትመስል ይሆን ብሎ አሰበ። አስቦም ፈራ።

የገበያ ዕለት የካሳነሽ ታናሽ ወንድም ሽብሩ ከቡሌ ወረደ። ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ገበሬ ነው። ለእህቱ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ፣ ለዘመመው አጥራቸው ደግሞ አንድ ሸክም ቀርከሃ አምጥቷል። አጥሩን ሲያቃና ውሎ እጁን ታጥቦ ገባ። ከደበበ አጠገብ ተቀምጦ ሲጫወቱ የደበበ ጋቢ ከሚስማሩ ላይ ተንሸራቶ ሳጥኑ ኋላ ወደቀ። ደበበ ልማዱ ነውና፣

«ካሳ…» ብሎ ጀመረ።

ካሳነሽ ጓዳ ውስጥ ጎንበስ ብላ እሳት ታቀጣጥላለች። ሽብሩ እጁን አንሥቶ አስቆመው። ወጥቶ ከአጥሩ የተረፈውን፣ ጫፉ በተፈጥሮው የተቆለመመ ዘንግ ይዞ ተመለሰና ለደበበ ሰጠው።

«ጋሼ፣ ቡና ስንለቅም እኛ ዛፍ ላይ አንወጣም» አለው። «ቅርንጫፉን በቆልማማ እንጨት ስበን ነው የምናመጣ። አንተም አትሂድ። እሱ ይምጣ።»

ደበበ ዘንጉን ወደ ሳጥኑ ኋላ ሰደደው። አንዴ አዳለጠው፤ ሌላ ጊዜ ሳጥኑን አንኳኳ። ቆይቶ ጋቢው ያዘለት። ጎተተው፤ እየተጎተተ መጣ፤ ጭኑ ላይ ወጣ። ጋቢው አቧራ ለብሷል። ደበበ አቧራውን እያራገፈ ሳቀ። ካሳነሽ ሳቁን ስትሰማ ማማሰያዋን እንደ ያዘች ከጓዳ ብቅ አለች። ባሏ ሲስቅ ከሰማች ቆይታለች።

ሽብሩ በማግሥቱ ሄደ። ትርፍራፊው ቀርከሃ ግን በሩ ሥር ቀረ። ቆልማማው ጨርቅና ገመድ ያመጣል፤ ኩባያም በጆሮው ይስባል። ክብሪት አያነሣም፤ ድንች አያነሣም፤ የወደቀ ማንኪያ አያነሣም። ደበበ ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ሌላ ነገር ስለ ሌለው ያንን ሲያሰላስል ሰነበተ። እሳት የሚያዝበትን ጉጠት አስታወሰ። ጉጠት አጭር ነው። ረጅም ጉጠት ቢኖርስ?

አንድ ክንድ ተኩል የሚሆን ቀርከሃ በቆልማማው ወደ ራሱ ስቦ፣ በካሳነሽ ቢላዋ ጫፉን ለሁለት ሰነጠቀ። የመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተተርትሮ ሁለት እንጨት ሆነበት። በሁለተኛው አንጓው ላይ ሲደርስ አቆመና ሥሩን በቃጫ ጥብቅ አድርጎ አሰረው። ስንጥቁ ተከፍቶ እንዲቆይ ትንሽ እንጨት ወሸቀበት። ከአንደኛው ከንፈር ወደ ሌላኛው ሲባጎ አሳልፎ እስከ እጁ ድረስ አመጣው። ሲባጎውን ሲስብ ከንፈሮቹ ይገጥማሉ፤ ሲለቅ ይከፈታሉ። ሲሠራው ጣቱን ቆረጠ፤ ተሳደበ፤ አንዴ ወርውሮት እንደ ገና በቆልማማው አመጣው።

የተለማመደው በድንች ነው። ድንቹ ከቀርከሃው ከንፈር እያዳለጠ ይሸሻል። ከንፈሩን በጨርቅ ጠቀለለውና ያዘለት። ከድንች ወደ ማንኪያ፣ ከማንኪያ ወደ ክብሪት ሄደ። ክብሪቷን ከመሬት አንሥቶ ያለ ማንም እርዳታ መዳፉ ላይ ያስቀመጣት ዕለት ደጅ የሚያልፍ ሰው ቢኖር ጠርቶ ያሳይ ነበር። ማንም አላለፈም። ክብሪቷን ጫረና የሚያበራው ነገር ሳይኖረው ጣቱ ድረስ ስትነድ አያት።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ እየሰፋ ሄደ። ከፍ ባለው በርጩማ ላይ እግሩን ዘርግቶ ከተቀመጠ በመቆንጠጫው ምድጃውን ይደርስበታል። ፍልጡን አንድ በአንድ ያስገባል፤ ድስቱን በቆልማማው ስቦ ጉልቻው ላይ ያስቀምጣል፤ ክዳኑን ያነሣል። ማማሰያውን ከቀርከሃ ጋር አስሮ አስረዘመው። መጀመሪያ ውሃ ብቻ አፈላ። ቆይቶ አንድ ቀን ካሳነሽ ለማታ ያዘጋጀችውን ጎመን ወደ ራሱ ስቦ፣ በጭኑ ላይ በትሪ ከትፎ፣ ድስት ውስጥ ጨመረው። ጨዉን አበዛው። ከሥሩም ትንሽ አሳረረው።

ካሳነሽ ማታ በሩን ስትከፍት ቤቱ ሞቋል። ድስቱን አየች፤ ባሏን አየች። ደበበ ጥፋት እንደ ሠራ ሰው አንገቱን ደፍቶ፣

«ጨው ሳይበዛበት አይቀርም» አለ።

ካሳነሽ ነጠላዋን አውልቃ፣ እጇን ታጥባ፣ ቆጮውን ቆርሳ፣ ጎመኑን በላች። ለእሱም አጎረሰችው። ሦስተኛውን ጉርሻ ስታነሣ እጇ መንገድ ላይ ቀረ፤ አንገቷ ወደ ግድግዳው አዘመመ፤ ቆጮው ከጣቷ ሳይወድቅ እንቅልፍ ወሰዳት። ደበበ ኩራዙን ወደ ራሱ ስቦ፣ ዓይኗን እንዳይወጋት ጋረደው። አልጠራትም። ያን ሰሞን ካሳነሽ በእንቅልፍ ልቧ «አቤት» ማለቷን ተወች።

እንዲህ ሆነው ክረምቱን አጋመሱት። አንድ ከሰዓት በኋላ ወልዱ መጣ። ወልዱ የመጋዘን ባልደረባው ነው፤ ጆንያ ሲያሸክመውና ሲያወርድለት የኖረ፣ ጨዋታ የሚወድ፣ የሰማውን ቶሎ የሚያወራ ሰው። በሩ ገርበብ ብሎ ስለ ነበር «ቤቶች!» ብሎ ገባ። ደበበ በርጩማው ላይ ተቀምጦ፣ ልብሱ እንዳይቆሽሽ የካሳነሽን አሮጌ ሽርጥ ጭኑ ላይ አንጥፎ፣ በረጅሙ ማማሰያ ሽሮ ያማስላል።

ወልዱ በሩ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ደበበ! ኧረ ተው! ማጀት ገባህ? ያ ጆንያ እንደ ላባ የሚያነሣ ሰው ሽሮ ማማሰል ጀመረ? በል ጨው ቅመስለት!»

ወልዱ በክፋት አልሳቀም። እንዲያውም ሽሮውን ቀምሶ አመሰገነ፤ መቆንጠጫውን ተቀብሎ ኮፍያውን ከራሱ ላይ ለማንሣት እየሞከረ ተጫወተ። ደበበም አብሮት ሳቀ። ወልዱ ሲሄድ ግን ደበበ ሽርጡን ከጭኑ አንሥቶ አጣጥፎ አስቀመጠው፤ ሽሮውንም አላማሰለውም።

ወሬው ጠጅ ቤት ደረሰ። ከጠጅ ቤት ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ሄደ። በሦስተኛው ቀን እትዬ አሰፋች ጃንጥላዋን እንደ ያዘች ከች አለች። አልተቀመጠችም።

«አባትህ ምን ሰው እንደ ነበሩ ረሳኸው?» አለች። «ሚስትህ ቀሚሷን አልብሳ ማጀት አስቀመጠችህ ይባላል። እኔ እህትህ በሰው መሃል ስሄድ የት ልግባ? አንካሳ መሆን የእግዜር ነው። ይህ ግን የማን ነው?»

«ቀሚስ አይደለም እትዬ። ሽርጥ ነው።»

«አሁን ልዩነት አለው ትላለህ?» ዓይኗ እንባ አቀረረ። ያፈረችውም ያዘነችውም አንድ ላይ ነው። «ደበበ፣ ወንድሜ፣ እኔ ቤት ና። እኔ ቤት ማንኪያ እንኳ አታነሣም።»

እሷ ስትወጣ ዝናቡ ጀመረ። ደበበ በቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ውሃ እየሰማ ብዙ ቆየ። ማንኪያ እንኳ አታነሣም። ቃሉ እንደ ምቾትም እንደ ሞትም ሆኖ ተሰማው። ወዲያው የወልዱ ሳቅ መጣበት። መቆንጠጫውን አነሣና በጉልበቱ ላይ ሊሰብረው ሞከረ፤ እግሩ ከፍ ስለማይልለት አልሆነለትም። ያም አናደደው። እሳቱ ውስጥ ወረወረው። ማማሰያውን አስከተለ። ቆልማማውንም። ቀርከሃ ሲነድ አንጓው እየፈነዳ ይጮኻል። ደበበ ሦስቴ አራቴ ሲፈነዳ ሰማና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ካሳነሽ ዝናቡ ውስጥ መጣች። ቀሚሷ እግሯ ላይ ተጣብቋል። ቤቱ ጨልሟል፤ ምድጃው ቀዝቅዟል።

«ካሳነሽ፣ ውሃ» አለ ደበበ፣ ፊቱን ሳያዞር።

ሰጠችው። ከዚያ በሩ ሥር፣ ግድግዳው ላይ፣ አልጋው አጠገብ ፈለገች። ኩራዙን አብርታ ምድጃውን ስታይ አመዱ ውስጥ በሲባጎ የታሰረ ጥቁር ጫፍ አገኘች። በሁለት ጣቷ አነሣችው።

«ወድቆ ነው የተቃጠለው?»

«አቃጠልኩት።»

«ለምን?»

«ሰው ሳቀብን።»

ካሳነሽ እርጥብ ልብሷን ሳትለውጥ በርጩማው ላይ፣ እሱ ይቀመጥበት በነበረው ላይ፣ ቁጭ አለች። የምትጮህ መሰለው። አልጮኸችም። ድምፅዋ እንዲያውም ከወትሮው የቀነሰ ነው።

«ወልዱ ነገ መጥቶ ውሃ ይቀዳልሃል?»

ደበበ ጋቢውን እስከ ጆሮው ሳበ።

«እትዬ መጥታ ታነሣሃለች? አውቃለሁ፣ ቤቴ ና ብላሃለች። እሄዳለሁ ብትል አልከለክልህም። እኔን ግን አንድ ነገር ስማኝ። አንተ ስትጠራኝ አቤት ማለት ጠልቼ አላውቅም። ባሌ ነህ። ግን ደበበ…» የእርጥብ ቀሚሷን ጫፍ ጨመቀችና ጨረሰችው። «ደከመኝ። በቃ። ደከመኝ። ያ እንጨት ቤት ውስጥ ከገባ ወዲህ ነው እንቅልፍ የሚባለውን ያየሁት። አንተ እንጨት መስሎህ ነው ያቃጠልከው።»

ደበበ «ካሱ» ብሎ ፊቱን ከግድግዳው ወደ እሷ መለሰ። አግብተው ሲኖሩ ደከመኝ ስትል የሰማት ያን ቀን ነው። ልጅ ስትወልድ አላለችም፤ እሱ ሆስፒታል ተኝቶ ከዲላ ገበያ እስከ ሚሲዮኑ ግቢ ምግብ ስታመላልስ አላለችም። ካሳነሽ ልብሷን ለወጠችና እራት ሳይበሉ ተኙ። ጠዋት እሱ ሲነቃ እሷ ሄዳለች። በርጩማውና ሳጥኑ እንደ ገና ዙሪያውን ከበውታል፤ ውሃው፣ ቆሎው፣ ጣሳው በየቦታቸው።

ደበበ ቆሎውን አልነካም። ምርኩዙን አንሥቶ ተነሣ። ያንን የሳጥን አጥር በምርኩዙ ጫፍ ገፍቶ አለፈና ደጅ ወጣ። ዝናቡ አባርቷል፤ ግቢው ግን ጭቃ ነው፤ ምርኩዙ እየሰረገ ያስቸግረዋል። ሽብሩ ያቃናው አጥር ዘንድ እስኪደርስ ላቡ በጀርባው ወረደ። አንዱን ቀርከሃ መነቅነቅ ጀመረ። ሽብሩ የተከለው ነገር በቀላሉ አይነቀልም። ሲነቀል ደግሞ በአንድ ጊዜ ተነቅሎ ደበበን ይዞት ወደቀ።

ጭቃው ላይ በጀርባው ተዘርግቶ ሰማዩን አየ። ዳሌው ይነድዳል። ሊጣራ አፉን ከፍቶ የሚጠራውን ስም አሰበ። ስሙ መጋዘን በረንዳ ላይ ጥቁር ፍሬ እየነጠለ ነው። አፉን ዘጋ። ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀና ቀርከሃውን አጥሩ ላይ አስደግፎ፣ በሁለት እጁ እየወጣበት፣ አንድ ጊዜ አንሸራትቶት፣ እንደ ገና ይዞ፣ ቆመ። ምን ያህል ጊዜ እንደ ፈጀበት አላወቀም። ሲቆም ፀሐይዋ አናቱ ላይ ነበረች።

አዲሱን መቆንጠጫ የሠራው ጓዳ ተደብቆ አይደለም። በርጩማውን በሩ ላይ፣ መንገደኛ ሁሉ በሚያይበት አውጥቶ፣ ጭቃ እንደ ለበሰ ተቀመጠና ሰነጠቀ። የሚያልፈው ሰው «ምን ትሠራለህ?» ይለዋል። «መቆንጠጫ» ይላል። «ለምን?» ሲሉት «ዕቃ ላነሣበት» ይላል። አንዳንዱ ቆሞ ያያል፤ አንዳንዱ ፈገግ ብሎ ያልፋል። በዚያ ቀን ብቻ አልጨረሰውም። እጁ ዝሎ ስለ ነበር ቃጫው አልጠብቅ አለው። ካሳነሽ ስትመጣ ጭቃውን አየች፤ የተነቀለውን አጥር አየች። የተላላጠውን በሙቅ ውሃ አጠበችለት። ቃጫውን እሷ ያዘችለትና እሱ ቋጠረው።

እትዬ አሰፋች በሳምንቱ መጣች። ደበበ በርጩማው ላይ ነው፤ ጎመኑ ይንተከተካል። ስትገባ አልደነገጠም፤ ማማሰያውንም አላስቀመጠም።

«እትዬ፣ ቁጭ በይ። ቅመሺ።»

«እኔ ቤቴ በልቼ ነው የመጣሁት።»

«እኔ እዚሁ ነኝ እትዬ። አንቺ ቤት አልመጣም። ይህን ደግሞ ካሳነሽ አላስደረገችኝም። እኔ ነኝ።»

አሰፋች ምድጃውን፣ የወንድሟን የተዘረጋ እግር፣ ያንን ረጅም እንጨት ተራ በተራ አየች። አልቀመሰችም። አልመረቀችም፤ አልረገመችምም። የያዘችውን ቅቤ ሣጥኑ ላይ አስቀምጣ ወጣች። ከዚያ በኋላም በየእሑዱ ትመጣለች፤ ምድጃው በኩል ሳትዞር ትቀመጣለች። ወልዱም ብዙ ጊዜ አልታየም። ቡና ሲደርስ አንድ ቀን መንገድ ላይ ካሳነሽን አግኝቷት «ያ ሰውዬ ሽሮው እንዴት ነው?» አላት፤ ከጋራዥ ያገኘውን ቁራጭ የጎማ ከመነዳሪም ከኪሱ አውጥቶ «ለዚያ እንጨት አፍ ይሆነዋል፤ እንዳያዳልጠው» ብሎ ሰጣት። ሆነውም። ከጨርቁ ይልቅ ላስቲኩ ያዘለት።

መቆንጠጫው ሁሉን ነገር አላቀለለም። ሱሪውን የምታስገባለት እሷ ናት፤ አልጋ ላይ የምትገለብጠው፣ ቅዝቃዜ ሲሆን ዳሌውን የምታሸው እሷ ናት። የቡናው ወቅት ሲመጣ ለቀማው እስከ ምሽት ስለሚዘልቅ ዓይኗ ቀልቶ፣ ጣቷ ጥፍሩ ሥር ጠቁሮ ትገባለች። ቢሆንም ቤቱ ሞቆ ይጠብቃታል። አንዳንድ ቀን አርሮ፣ አንዳንድ ቀን ጨው በዝቶ።

ያን ዓመት የጥምቀት ሰሞን መጋዘኑ ተዘጋና ሁለቱም ቤት ዋሉ። ካሳነሽ በሩ ላይ ጠፍር በርጩማ ላይ፣ ደበበ አጠገቧ እግሩን ዘርግቶ፣ ፀሐይ ይሞቃሉ። መንገዱ ላይ ነጭ የለበሰ ሰው ይመላለሳል።

«ደከመሽ?» አላት።

«ደከመኝ» አለች። አሁን ቃሉ አይከብዳትም። «አንተስ?»

ደበበ ትንሽ አሰበበት። የጆንያው ድርድር ከወረደበት ቀን ጀምሮ ይህን የጠየቀው ሰው የለም። እግርህ እንዴት ነው ይሉታል፤ ተሻለህ ይሉታል።

«እኔም ደክሞኛል» አለ።

ካሳነሽ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀችና ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ ግድግዳውን ተደገፈች። ፀሐይዋ ገና ብዙ ሰዓት ነበራት። «አቤት» ብሎ የሚነሣ ማንም አልነበረም።